በሰዓት ግማሽ ዲግሪ

ዛሬ በዚህ አስከሬን ዙሪያ ቆማችሁ ዓይናችሁን ከምትጠርጉት መካከል፣ እኚህ ሴት በሕይወት ሳሉ «ሕፃን የምታበርድ፣ ልብ የሌላት» ብሎ ያላማቸው ማን ነው? መልሱን ጮክ ብሎ መናገር አያስፈልግም፤ ሁሉም የራሱን ያውቃል። ይህ ዜና ሕይወት የተጻፈው ለማወደስ አይደለም፤ ለሞተ ሰው ውዳሴ የሚነፍግ የለምና። የተጻፈው ኑሯቸውን እንደኖሩት ለመናገር ነው፤ የጻፉትም በመንገዱ ርቀት ምክንያት በቦታው ያልተገኙት ታላቅ እህታቸው ናቸው። «በመንገዱ ርቀት ምክንያት» የሚለው ለወግ ያህል ነው፤ አውሮፕላን በየቀኑ አለ።

ሲስተር የተወለዱት የዛሬ ስልሳ አራት ዓመት ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ነርስ ሞልቶ ሳለ «ሲስተር» ሲባል ከእሳቸው ሌላ ማንም ስለማይታሰብ፣ እዚህም በዚሁ እንጥራቸው። አባታቸው የማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነበሩ፤ እናታቸው ደግሞ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት አንሶላ ሲያጥቡ፣ ሲቀቅሉና ሲተኩሱ የኖሩ ሴት ናቸው። ቤታቸው ከአባትየው ሱቅ ጀርባ ስለነበር ሁለቱ እህትማማቾች ያደጉት ሆዳቸው ተከፍቶ፣ አንጀታቸው ተዘርግፎ፣ ግድግዳ ተደግፈው ተራ በሚጠብቁ ፍሪጆች መካከል ነው። ታላቅየዋ በሩ በወለቀ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጠው መጽሐፍ ሲያነቡ፣ በሰባት ዓመት የሚያንሱት ሲስተር በየፍሪጁ ቴርሞሜትር እየከተቱ ያነበቡትን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ይጽፉ ነበር፤ አባትየውም ደንበኛ በመጣ ቁጥር «አንዷ ጸሐፊ፣ አንዷ ሐኪም ናት፤ እኔ ተላላኪያቸው ነኝ» እያሉ ያስቁ ነበር።

ሲስተር ከአባታቸው የወረሱት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ልጄ፣ ብርድ የሚባል ነገር የለም፤ ሙቀት ሲወጣ የሚቀረው ነው ብርድ የሚባለው» የሚል ነው። ሁለተኛውን የወረሱት ታላቅ እህታቸው ከማቀዝቀዣ የወጣ ብርጭቆ ላይ የፈላ ሻይ ቀድተው ብርጭቆው ለሁለት በተሰነጠቀ ቀን ሲሆን፣ አባትየው ስብርባሪውን እየለቀሙ «የቀዘቀዘ ነገር ሲሞቅ እንደ ሙሽራ ነው የሚራመደው፤ ቀስ፣ ቀስ» አሉ። ታላቅየዋ ስለ ብርጭቆው አዘኑ፤ ታናሽየዋ ነገሩን ያዙ።

ሲስተር የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ወደ ነርሶች ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ ዘመን ስለ ጨቅላ ሕፃን የሚሰጠው ትምህርት ሁሉ ተጠቅልሎ አንድ ቃል ነበር፤ እሱም «አይብረደው» የሚል ነው። ትክክል ነበር፤ ዛሬም ለአብዛኛው ሕፃን ትክክል ነው፤ ከእናቱ ሆድ እርጥብ ሆኖ የወጣ ልጅ በብርድ እንደሚሞት የሚያውቅ ያውቀዋል። ሲስተርም በሃያ ሁለት ዓመታቸው በሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ተመደቡ። ክፍሉ ስድስት የሕፃን አልጋ፣ ከላይ እንደ ምድጃ የሚነድ አንድ ማሞቂያ፣ ወደ ውሃ ታንከሩ የሚያሳይ አንድ መስኮትና እስከ ወገቡ አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነበረው። በገቡ በሦስተኛው ወር ከአረንጓዴው ቀለም በላይ በገዛ እጅ ጽሕፈታቸው፣ በቀይ ቀለም፣ «ሕፃን ቢበርደው ጥፋቱ የእኛ ነው» ብለው ጻፉ። ሠራተኛው «እመት ሙቀት» የሚል ስም አወጣላቸው፤ ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ ሲሉም ጽዳቶቹ «መስኮት ዝጉ፣ እመት ሙቀት መጣች» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር።

አዲስ ነርስ ሲመጣላቸው የሚያስተምሩበት መንገድ ነበራቸው። ዓይን አስጨፍነው የሕፃኑን እግር ያስዳስሳሉ፤ ከዚያ «ቀዘቀዘ? አታስቢ፤ አብሪ» ይላሉ። ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ እጇን ሰድዳ የማሞቂያውን ማብሪያ እስክታገኘው ድረስ አሥር ጊዜም ሃያ ጊዜም ይደጋገማል። «ከጭንቅላት በፊት እጅ ይወቅ» ነበር ፍልስፍናቸው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

ሲስተር ሃያ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው፣ በዚያን ጊዜ የትምህርት ቤት መምህር የነበሩት ታላቅ እህታቸው በዚያው ሆስፒታል በምጥ ተያዙ። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። ተረኛው ሐኪም ግብዣ ላይ ስለነበሩ ተፈልገው እስኪመጡ ጊዜ ሄደ፤ ልጁ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ጠቁሮ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወጣ። ሲስተር በአፍና በአፍንጫው አየር የሚገፋውን የላስቲክ ፊኛ ይዘው አሥራ አራት ደቂቃ ጨመቁለት፤ በአሥራ አራተኛው ደቂቃ ልጁ ተነፈሰ፤ አዋላጆቹ አጨበጨቡ። ከዚያም ሲስተር የሚያውቁትንና የሚያስተምሩትን ሁሉ አደረጉ። ማሞቂያው ሥር አስተኙት፤ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው አበሩት፤ ከአጠገቡም ሳይነሱ ዋሉ። አመሻሹ ላይ የእህታቸውን አልጋ ጠርዝ ይዘው ፊታቸው እያበራ «እትዬ፣ ልጅሽ እንደ ትኩስ ዳቦ ሆኗል» አሉ። እትዬም ደስ አላቸው። በማግስቱ ልጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ያ ልጅ ስድስት ዓመት ኖረ። አንገቱ አልጸናም፤ እጅና እግሩ እንደ ደረቅ እንጨት ግትር አለ፤ የሚበላውን በማንኪያ ጫፍ ጠብታ በጠብታ ነበር የሚውጠው። አባቱ ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ አልታዩም። ሲስተር በእነዚያ ዓመታት ከሥራ ሲወጡ አንድም ቀን ወደ ቤታቸው በቀጥታ ሄደው አያውቁም፤ መጀመሪያ እሱ ዘንድ ነው። እግሩን ያሹለታል፤ ጡጫውን በቀስታ ይፈቱለትና ጠቋሚ ጣታቸውን ያስይዙታል። የያዘውን ጣት አይለቅም ነበርና ለመሄድ እንቅልፍ እስኪወስደው መጠበቅ ነበረባቸው። እህታቸው ደክሟቸው በር ያልከፈቱላቸው ቀኖችም ነበሩ፤ እነዚያን ቀኖች ደረጃው ላይ ተቀምጠው ይቆዩና ይሄዱ ነበር።

በዚህ መካከል፣ በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ የሆስፒታሉ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆኑት ከዛሬው ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ። ትውውቃቸው ማሞቂያው በተበላሸ ቁጥር ነበር፤ ማሞቂያው በዚያ ዓመት ለምን በየሳምንቱ ይበላሽ እንደነበር ግን ባልየው እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አልሰጡም።

ልጁ በስድስት ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። ከሦስት ወር በኋላ ታላቅ እህታቸው ሻንጣቸውን ሸከፉ። በር ላይ ሲሰነባበቱ ሲስተር «እትዬ፣ ያኔ ምን ባደርግ ይሻል ነበር?» ብለው ጠየቁ። እትዬም «እኔ ነርስ አይደለሁም» ብለው ወጡ። እነሆ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሆነ።

ታላቅየዋ በሄዱበት ሩቅ አገር በአንድ የሕክምና ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ወደ መደርደሪያው የመመለስ ሥራ አገኙ። የሚመልሱትን ሁሉ ሳያነቡ የሚመልሱ ሰው አልነበሩም። በአሥራ ሦስተኛው ዓመት አንድ ጽሑፍ አጋጠማቸው፤ ታፍነው የተወለዱ ሕፃናት ገላቸው ሲግል ጉዳታቸው እንደሚብስ፣ በጊዜው ቀዝቀዝ እንዲሉ ቢደረግ ግን ብዙዎቹ እንደሚተርፉ የሚናገር ነበር። ቆመው አነበቡት፤ ተቀምጠው ደገሙት። ከዚያ ቅጂውን አነሡና ስለ መጋል የሚናገረውን አንቀጽ በቀይ አስምረው፣ ከላይ «አንብቢው» የሚል አንድ ቃል ጽፈው ለእህታቸው ላኩ። ሰላምታ አልነበረበትም፤ ፊርማ አልነበረበትም። ዛሬ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ያ ወረቀት የተላከው ሕፃን ለማዳን አልነበረም፤ ለማቁሰል ነበር።

አቆሰለም። ሲስተር በመዝገበ ቃላትና በልጃቸው እየተረዱ ሦስት ሳምንት አነበቡት። አንብበው በጨረሱ በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸውን የቀለም መፋቂያ እንዲያመጡላቸው ጠየቁ፤ ክፍሉ ሄደውም በወንበር ላይ ቆመው የገዛ ጽሑፋቸውን ከግድግዳው ላይ ፋቁት። ባልየው ወንበሩን ይዘው «ሃያ ዓመት ሙሉ ዝጉ ስትዪን ኖረሽ አሁን ደግሞ ክፈቱ ልትዪን ነው?» ቢሉ፣ «አዎ» አሉ፤ «ጭንቅላት ያለው ሰው አንዳንዴ ይዞራል።» ለእህታቸውም ጻፉ፦ «እትዬ፣ አነበብኩት። ልክ ነሽ። ልጀምረው ነው፤ የቀረውን ወረቀት ላኪልኝ።» እትዬ ይህን መልስ አልጠበቁም ነበር። ቢሆንም ላኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሃያ ሁለት ፖስታ ላኩ፤ ሰላምታ ያለበት ግን አንድም አልነበረም።

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ እንዲህ ነው። አንጎል አየር ሲያጣ የሚጎዳው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ በታፈነበት ሰዓት ይጎዳል፤ ትንፋሹ ሲመለስ የተሻለው ይመስላል፤ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ግን ያን ጊዜ የተረፈው የአንጎል ክፍል ደግሞ በተራው መሞት ይጀምራል። በሁለቱ መካከል ስድስት ሰዓት ያህል ክፍት የምትቆይ በር አለች። በዚያች በር ገብቶ የሕፃኑን ገላ ወደ ሠላሳ ሦስት ተኩል ዲግሪ ማውረድ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚያ ሳይወጣም ሳይወርድም መጠበቅ፣ ከዚያ በሰዓት ከግማሽ ዲግሪ ሳያልፉ መመለስ ነው። ለሁሉም ሕፃን አይሆንም፤ ለሚሆነው ደግሞ ዓይን ሳይነቅሉ መጠበቅን ይጠይቃል። ሲስተር ግማሽ ዲግሪ የሚለውን ሲያነቡ ሳቁ፤ የአባታቸውን ሙሽራ አስታውሰው ነው።

ዋና ሐኪሙን ለማሳመን ሁለት ዓመት ፈጀ። «ሲስተር፣ ሕፃን የሚቀዘቅዘው ሲሞት ነው» ይሏቸው ነበር። «እስቲ ዶክተር፣ ሳይሞት ቀዝቅዞ እንየው» ይሉ ነበር እሳቸው። በመጨረሻም ዋና ሐኪሙ በኮሪደር ላይ፣ እየሄዱ፣ ዞር ሳይሉ «ሞክሪው» አሉ። ወረቀት ላይ አልጻፉትም።

የመጀመሪያው ሕፃን የዳቦ ጋጋሪ ልጅ ነበር። ማሽን ስላልነበረ ማሞቂያውን አጥፍተው፣ የክትባት ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቀመጡትን የበረዶ ከረጢቶች በጨርቅ ጠቅልለው ከገላው አጠገብ እያደረጉና እያነሡ፣ ቴርሞሜትሩን በየሩብ ሰዓቱ እያነበቡ ሦስት ቀን አቆዩት። የጋጋሪው እናት በመስታወቱ በኩል ገላውን የተራቆተውን የልጅ ልጃቸውን አይተው «ኧረ የዛሬዋስ ጉድ ናት፤ ሰው የወለደውን እንደ ሥጋ በረዶ ቤት ትከታለች?» እያሉ ኮሪደሩን አናወጡት። በሰባተኛው ቀን ልጁ ጡት ይዞ ጠባ። በዚያው ሰሞን «እመት ሙቀት» ቀርቶ «እመት በረዶ» ተባሉ፤ ቅጽል ስም አውጪዎቹ ያው ቀድሞ ያወጡት ናቸው።

ሁለተኛው ሕፃን ከሁለት ወር በኋላ መጣ። ሲስተር ሠላሳ ሰዓት ያህል ከአጠገቡ ሳይነሡ ቆዩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተረኞች ሲቀያየሩ ጉልበታቸው ከዳቸውና ከሕፃኑ ጋር ለነበረችው ነርስ አደራ ብለው፣ በዕቃ ቤቱ የአንሶላ ክምር ላይ ለአንድ ሰዓት ጋደም አሉ። ያቺ ነርስ ሰዓቷ ደርሶ ስትወጣ የምትገባዋ ዘግይታ ነበርና ሳይገናኙ ቀሩ። የገባችው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ሲስተር ራሳቸው ያስተማሯት፣ ከሁሉም አብልጠው የሚወዷት። ማሞቂያው ጠፍቶ፣ ሕፃኑ ገላው ተራቁቶ አየች። እግሩን ዳሰሰች። ቀዝቅዟል። አላሰበችም፤ አበራች።

ሲስተር ሲመለሱ አርባ ደቂቃ አልፎ ነበር። ሕፃኑ ብርድ ልብስ ተደርቦለት ሠላሳ ሰባት ዲግሪ አልፏል። ከሰባት ሰዓት በላይ መጓዝ የነበረበትን በአርባ ደቂቃ ጨረሰው ማለት ነው። ማሞቂያውን አጠፉና በተቻላቸው መጠን ሊመልሱት ሞከሩ፤ ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ውሎ በማግስቱ አመሻሽ ላይ አረፈ። ባይሞቅ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ የሚለውን ማንም አያውቅም፤ ሲስተርም አውቃለሁ ብለው አያውቁም።

አጣሪ ጉባኤ ተቀመጠ። አምስት ሰዎች በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሆነው ሲስተርን ከፊት፣ የክፍሉን ነርሶች ከኋላ አስቀመጡ። ዋና ሐኪሙ ማን እንደፈቀደ ሲጠየቁ «እኔ የማውቀው ነገር የለም» አሉ። ሲስተር «ማሞቂያውን ማን አበራው?» ተብለው ሲጠየቁ «እኔ ነኝ» አሉ። ልጅቷ ሦስት ወንበር ወደ ኋላ ተቀምጣ ጫማዋን ትመለከት ነበር። እቤት ሲገቡ ባለቤታቸው «ምን ነካሽ?» ቢሏቸው፣ «እጇ የኔ እጅ ነው፤ ያስተማርኳትን ነው ያደረገችው» ብለው ራት አቀረቡ። ለእህታቸው ግን እውነቱን ጽፈው ከታች «ይህን አንብበሽ አቃጥይው፤ ለማንም እንዳይነገር» የሚል ጨመሩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ደብዳቤው አልተቃጠለም፤ እነሆ ዛሬ ተነገረ።

ሲስተር ከክፍሉ ተነሥተው ወደ ልብስ ማጠቢያ ተመደቡ። ውሳኔውን የሰጡት ሰዎች በዚያ ክፍል እናታቸው ሃያ ስምንት ዓመት እንደሠሩ ያውቁ እንደሆነ ለማወቅ አልተቻለም። አሥራ አንድ ወር በእንፋሎቱ መካከል አንሶላ ሲያጥፉ ቆዩ። በእነዚህ ወራት ከላይ፣ በማዋለጃው፣ ታፍኖ የተወለደ ሕፃን በመጣ ቁጥር አንዲት አዋላጅ በደረጃው ወርዳ ትነግራቸው ነበር። እሳቸውም አንዲት ትንሽ የሕፃን አንሶላ አጥበው፣ ተኩሰው፣ ከላይኛው መደርደሪያ ለብቻዋ ያስቀምጣሉ። በአሥራ አንደኛው ወር መደርደሪያው ላይ አሥራ ዘጠኝ ትናንሽ አንሶላዎች ነበሩ። ከአሥራ ዘጠኙ ሕፃናት የቀዘቀዘ አንድም አልነበረም። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንዲት ነርስ «ያበራሁት እኔ ነኝ» ብትል፣ አንድ ሐኪም «ሞክሪው ብዬ ነበር» ቢሉ፣ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። አላሉም።

ከዚያ በኋላ ከትምህርት የተመለሱ አንድ ወጣት ሐኪም ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ክፍሉን ዞረው አይተው «እዚህ ሕፃን ለምን አይቀዘቅዝም?» ብለው ቢጠይቁ፣ የምታቀዘቅዘዋ ልብስ ታጥባለች ተባሉ። ራሳቸው ወርደው «ሲስተር፣ ማጠቡ ይብቃዎትና ወደ ላይ ይውጡ» አሏቸው። ሲስተርም «እጄ እርጥብ ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ» ብለው የጀመሩትን አንሶላ አጥፈው ጨረሱ። አሥራ ዘጠኙን አንሶላዎች ታቅፈው ወጡ። በክፍሉ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር የባለቤታቸውን መቁረጫ ይዘው ሕፃናት በሚቀዘቅዙበት አልጋ አጠገብ የቆመውን ማሞቂያ ገመድ ከሶኬቱ ላይ መቁረጥ ነበር። ባልየው «የመንግሥት ንብረት ነው» ቢሉ «አንተ መልሰህ ትቀጥለዋለህ፤ እኔ መልሼ እቆርጠዋለሁ፤ ሲሰለቻቸው ይተዉናል» አሉ። ሁለተኛው ነገር ያቺን ማሞቂያውን ያበራችውን ነርስ ጠርተው ዓይኗን አስጨፍነው የሕፃን እግር ማስዳሰስ ነበር። «ቀዘቀዘ?» አሏት። «አዎ፣ ሲስተር።» «እንግዲህ ጠይቂ» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ የክፍሉ ሕግ ይኸው ሆነ፤ እግሩን ዳስሺ፤ ከቀዘቀዘ ጠይቂ።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀ ነው። ዘመናዊው ማቀዝቀዣ ፍራሽ የመጣው በአራተኛው ዓመት ሲሆን፣ በእነዚያ አሥራ ዘጠኝ አንሶላዎች ላይ ያልተኛ ታማሚ ሕፃን አልነበረም። የሚቀዘቅዝ ሕፃን አይታቀፍም፤ አይሸፈንም። ለእናቲቱም ለአያቲቱም ከዚህ የከፋ ነገር የለምና ሲስተር አንድ ሥርዓት አወጡ፤ ጣት መስጠት። አንዲት አያት ሻርፓቸውን ሊያለብሱ እጃቸውን ሲዘረጉ «እማማ፣ ሻርፑን ለራስዎ፤ ለሱ ጣትዎን ይስጡት» ይሏቸዋል። «ምን ያደርግለታል?» «ሰው እንዳለ ያውቃል።» እናት፣ አባት፣ አያት፣ አክስት በተራ በተራ ጠቋሚ ጣታቸውን በዚያች ቀዝቃዛ መዳፍ ውስጥ አድርገው ሦስት ቀን ይፈራረቁ ነበር። ይህንን ዘዴ ከየትኛው መጽሐፍ እንዳገኙት ሐኪሞች ጠይቀዋቸው ነበር። ከመጽሐፍ አልነበረም። ያስተማራቸው ስድስት ዓመት የኖረ፣ የያዘውን የማይለቅ ልጅ ነው።

ከቀዘቀዙት የሞቱ አሉ። ተርፈው እጃቸው ወይም አንደበታቸው የማይታዘዝላቸው አሉ። ዛሬ ከዚህ ሕዝብ ኋላ ቆመው እርስ በርስ የሚገፋፉት፣ ንግግሩ የረዘመባቸው ጎረምሶችም አሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ የጋጋሪው ልጅ ነው።

ሲስተር በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ለእህታቸው በየወሩ ይጽፉ ነበር። መልሱ ሁልጊዜ አዲስ የወጣ ጽሑፍ ቅጂ ነው፤ ሌላ ነገር የለውም። በአንዱ ደብዳቤ «አባባ እንዳሉት ነው እትዬ፤ አንቺንም በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ሳሞቅሽ እኖራለሁ፤ ቢፈጅ ዕድሜዬን ነው» ብለው ጻፉ። ከዚያ ወዲህ የደብዳቤው ሁሉ መዝጊያ «ግማሽ ዲግሪ» የሚል ብቻ ሆነ።

በስልሳ ዓመታቸው ጡረታ ወጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኩላሊታቸው መድከም ጀመረ። ብርድን መሣሪያ ያደረጉት ሴት በመጨረሻው ሰሞን በጠራራ ፀሐይ ሦስት ብርድ ልብስ ደርበው «መስኮት ዝጉ» ይሉ ነበር፤ ባለቤታቸውም «እመት ሙቀት ተመለሰች» እያሉ ይዘጉላቸው ነበር። የዛሬዋ የክፍሉ ኃላፊ፣ ያቺው ነርስ፣ በየጠዋቱ ከልብስ ማጠቢያው ትኩስ ብርድ ልብስ አቅፋ እየመጣች እግራቸውን ትጠቀልል ነበር። ይህንንም ሲስተር ራሳቸው ጽፈውልናል። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የባለቤታቸውን ጣት እንደያዙ አረፉ።

ከማረፋቸው ከአሥራ ሁለት ቀን በፊት ለልጃቸው እየነገሩ ያስጻፉት ደብዳቤ ታላቅ እህታቸው ዘንድ የደረሰው በሞቱ ማግስት ነው። እንዲህ ይላል፦ «እትዬ፣ እንደ ትኩስ ዳቦ ያልኩሽን ቃል አንድም ቀን አልረሳሁትም። ስለ ልጁ ይቅር በይኝ። ልጅቷንም ይቅር በያት፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ዋና ሐኪሙንም፤ ሽማግሌ ሆነዋል። በር ያልከፈትሽልኝን ቀኖች ለራስሽ ይቅር በዪ። ሁሉንም ባንዴ አልልሽም፤ ግማሽ ዲግሪ ይበቃኛል።»

ሲስተር ባለቤታቸውን፣ የፋርማሲ ባለሙያ የሆነች አንዲት ልጃቸውን፣ ያስተማሯቸውን ነርሶችና በአሥራ ዘጠኝ አንሶላዎች ላይ ተኝተው የተነሡ ልጆችን ትተው አልፈዋል። ታላቅ እህታቸውንም ትተዋል። ነፍሳቸው ማንም ማንንም ለመጠበቅ በማይነቃበት ስፍራ ትረፍ፤ ፈጣሪ ሙቀቱን በልክ ያድርግላቸው፤ ያ ልጅም ጣታቸውን ይቀበላቸው።

ታላቅ እህታቸው ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አንብበውታል። ማንንም ይቅር አላሉም።